አምስት ገንዳ፣ አንድ ትንፋሽ

እሑድ፣ ከጸሎት መልስ

የመኝታ ቤቱ ገንዳ ፓምፕ ዛሬ ሞተ። ስነሣ አረፋው የለም። ሶኬቱን ነቅዬ ሰካሁ፣ በጣቴ ኮረኮምኩት፣ አንድ ጊዜ አጉረመረመና ጸጥ አለ። ከፍቼ ሳየው በውስጡ ያለችው ቀጭን ጎማ ተሰንጥቃለች። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ፓምፖቹን ሁሉ ያመጣቻቸው በአንድ ሰሞን ነበር፤ ለአምስቱ ገንዳ አንዳንድ። አብረው የመጡ አብረው ያረጃሉ። የሳሎኑ ሦስቱ አሁን ደረጃ እንደ ወጣ ሽማግሌ ነው የሚተነፍሱት። የኮሪደሩም ከእነሱ አይሻልም። ለጊዜው የእሱን ቱቦ ለሁለት ከፍዬ መኝታ ቤት አስገባሁለት።

ልጄ እንደ ሁልጊዜው ከሰዓት በኋላ ደወለች። «አባዬ፣ ክፍሉ እኮ ተቀብቶ አለቀ። መጋረጃው ብቻ ነው የቀረው፤ እሱን አንተ ትመርጣለህ» አለች። እነሱ ያሉበት ከተማ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። የሚኖሩት ፎቅ ላይ ነው፤ አከራያቸው ገንዳ አያስገባም። «ዓሣዎቹስ?» አልኳት። «እማዬ አደራ ያለችኝ አንተን ነው፤ ዓሣዎቹን አይደለም» አለች።

ያን ጊዜ ከአፌ አመለጠኝ። «ይኼን ዝናብ ዓሣዎቹን በሕይወት ካሻገርኩ እዚሁ እቀራለሁ። ካልቻልኩ መጥተሽ ውሰጂኝ» አልኳት።

«ቃል?»

«ቃል።»

ስልኩን ስዘጋ አፈርኩ። ሽማግሌ ሰው በዓሣ ነፍስ ይማማላል? አምላኬ፣ አንደበቴን ጠብቅልኝ እያልኩ ስጸልይ አርፍጄ ከሰዓት በኋላ የሠራሁት ይኼ ነው።

ማክሰኞ

ጊዜ የለም። ልብስ የምተኩስበት ሆቴል እንግዳ ሞልቶታል። የአንሶላው ክምር ከኔ ቁመት በላይ። አንዱ መተኮሻ ተቃጠለ። ዓሣዎቹ ደህና። ሳሎን ወንበሩ ላይ አደርኩ፤ ለወገቤ ይሻለኛል።

ሐሙስ

ዓሣ ሻጩ ጋ ሄድኩ። ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ እስከ ጣሪያ ገንዳ። ሁሉም ይንፏፏል፣ ለመሰማማት ጮክ ብሎ ማውራት ያስፈልጋል። ባለቤቴን ያውቃት ነበር። እኔን ትንሽ አተኩሮ አየኝና፣ «ከኋላዋ ባልዲ ይዘው የሚቆሙት እርስዎ ነበሩ አይደል?» አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። እሷስ ሲለኝ ነገርኩት። እጁን አጥቦ ጨበጠኝ።

ከዚያ ወደ ነገራችን ገባን። መንገዱ ሁለት ነው አለኝ። አንድ ትልቅ ፓምፕ አስቀምጦ ከሱ ቱቦ እየዘረጉ አምስቱንም ማስተንፈስ፤ ወይ ለየገንዳው ትንንሽ መግዛት። «ትልቁ ከቆመ ሁሉም ባንዴ ይታፈናሉ። ትንንሾቹ ግን አንዱ ቢቆም አራቱ አሉ። ታዲያ የአምስት ሰው ሕመም ማስታመም ነው፤ ዛሬ የዚህ ጎማ፣ ነገ የዚያ።» ደግሞም አየር ሰነፍ ነው አለኝ። ከአንድ ፓምፕ ሲከፋፈል ጥልቅ ውኃ ውስጥ መውረድ አይወድም፤ ጥልቁን ትቶ ጎደል ወዳለው ገንዳ ይሮጣል። ስለዚህ በየቱቦው አፍ ላይ የምትጠመዘዝ መቆጣጠሪያ ትገባለች። ቀላሉን እያነቁ ከባዱን መመገብ ነው። ስንት ዓመት ባልዲ ስሸከም ይኼን አላውቅም ነበር።

መደርደሪያው ጥግ ላይ አንዲት ትንሽዬ አየሁ። «እሷ በባትሪ ነው የምትሠራው፤ የመንገደኛ ናት። ዓሣውን በባልዲ ይዞ አገር ለሚቀይር ሰው» አለኝ። አንሥቼ ያዝኳት። ከእንቁላል ብዙም አትከብድም።

«እሷን ልጠቅልልልዎት?»

«ላስብበት» ብዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ ማታ

መብራት ሄደ። ከነጎድጓዱ ጋር፣ ገና በቀን። ሻማ ፈልጌ እስክመለስ ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከውኃው በላይ ይከፍታሉ። ሻጩ የነገረኝ ትዝ አለኝ፤ በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ፤ ውኃው ሲወድቅ አየር ይዞ ይገባል። በእያንዳንዱ ኩባያ አንድ «አቤቱ ማረን» አልኩ። ከሳሎን ኮሪደር፣ ከኮሪደር መኝታ ቤት፣ ተመልሶ ሳሎን። መጀመሪያ ጸሎቱ ነበር ኩባያውን የሚመራው። በኋላ ኩባያው ጸሎቱን ይመራው ጀመር። ከዚያም በኋላ አንደበቴ «ማረን» ሲል ልቤ ስለ ክንዴ ሕመም ነበር የሚያወራው።

መብራት ሲመጣ ኮሪደር ያለችው ባለ ቀይ ጭራ በጎኗ ተንሳፍፋ አገኘኋት። ባለቤቴ ለሁሉም ስም አውጥታላቸው ነበር። ምግብ ስትበትን እየጠራቻቸው እሰማለሁ፤ የትኛው ማን እንደሆነ ግን አልጠየቅኳትም። ይኸው ዛሬ ማን እንደሞተብኝ እንኳ አላውቅም።

እሑድ

ልጄ ደወለች። ዓሣዎቹስ አለች። ደህና ናቸው አልኳት። ቃሉ ስለ ሁሉም ነው እንጂ ስለ አንዷ አልነበረም። በጸሎት ሰዓት ግን ይኼ ነገር ከጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ።

ሰኞ

ትርፍ ሰዓት እንዲሰጡኝ ጠየቅኩ። ሰጡኝ።

አንሶላ ማጠፊያው ጋ ሆኜ ከመጋረጃው ወዲያ ሲያወሩ ሰማሁ። ሸሚዝ ተኳሹ ነው፤ ኮሌታ እንለዋለን፣ በአንገትጌ ሥራ የሚስተካከለው ስለሌለ። «ሰውዬው እኮ ዓሣ አግብቷል» አለ። አንዷ ሳቀችና፣ «ታዲያ ለምንድን ነው ከሙሽሮቹ ሸሽቶ ትርፍ ሰዓት የሚለምነው?» አለችው። «ቤት ባዶ ሲሆን ታውቂዋለሽ» አላት ኮሌታ።

አልተቆጣሁም። ይልቅ ትርፍ ሰዓቱን የፈለግኩት ለፓምፑ መሆኑን ልነግራቸው ይገባ ነበር።

ረቡዕ

ሱቁ ሄድኩ። ስገባ ገና ሻጩ ሳቀ። «ጋሼ፣ ፓምፕ ነው ሙሽራ የሚመርጡት? እኔ ሚስቴን ያገባሁት ከዚህ ባነሰ ምርመራ ነው።» እኔም ሳቅኩ። ከሳቅኩ ቆይቼ ኖሮ ጉንጬ እንግዳ ነገር ሆነብኝ።

አዲስ የመጣ አሳየኝ። አምስቱንም ይችላል፣ ድምፅ ደግሞ የለውም። ሰክቶ ጆሮዬ ላይ አስጠጋልኝ፤ እውነትም ምንም። «ቤት ውስጥ መኖሩን አያውቁትም» አለ። አጠገቡ ያለው ሌላው ትልቅ ፓምፕ እንደ ወፍጮ ያጓራል። ስለ ሁለቱም ብዙ ጠየቅኩት። የጎማ መለወጫ ይገኛል ወይ፣ ይግላል ወይ፣ ስንት ዓመት ይቆያል። ድምፅ የሌለው ነገር አያስተማምንም። ቢቆም በምን አውቃለሁ?

«ልጠቅልል?»

«ትንሽ ላስብበት።»

አርብ

ዛሬም ሄድኩ። የምጠይቀው አልነበረኝም፤ ስለ ቱቦ ውፍረት ጠየቅኩ። ከሳምንት በፊት የጠየቅኩት መሆኑ የገባኝ ሰውየው ሳይመልስልኝ በርጩማ ስቦ ሲያስቀምጥልኝ ነው። «ይቀመጡ ጋሼ። እኔም ብቻዬን ነኝ» አለ። ብቻውን አልነበረም፤ ገዢዎች ይገቡ ይወጡ ነበር። አንዲት ሴት ገብታ ትልቁ ገንዳዋ አረፋ እንደማያገኝ ስትነግረው፣ ሳላስበው «ትንሹን እነቂው፤ አየር ሰነፍ ነው» አልኳት። ሻጩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ የሰው ሥራ ማስፈታቴ ከነከነኝ፤ እስከሚዘጋ ተቀምጬ ነበርና።

ከዚህ በኋላ ሳልገዛ አልሄድም።

ሰኞ

የሳሎኑ አንዱ ፓምፕ ቆመ። ለሥራ እየወጣሁ ሳለ። ከጎኑ ካለው ገንዳ ቱቦ አካፈልኩት። አረፋው ክር አከለ። አርፍጄ ደረስኩ፣ አለቃዬ ሰዓቱን አየ እንጂ አልተናገረኝም።

ማክሰኞ

ገዛሁ። ያን የሚያጓራውን። ሻጩ ሁለቴ፣ «እርግጠኛ ነዎት? ያኛው እኮ ጸጥተኛ ነው» አለኝ። ይኼ ጠንካራ ነው አልኩት።

ሲጠቀልል፣ «ከገንዳው ውኃ በላይ ነው የሚቀመጠው። ከታች ካደረጉት መብራት ሲጠፋ ውኃው በቱቦው ተመልሶ ይመጣል። ከፍ ያለ ቦታ አለዎት?» አለኝ። አለ አልኩት። «እንግዲያው ማገቻ አያስፈልግዎትም፤ ከሌለዎት ግን ይቺን በየቱቦው ይሰኩ፣ አየር ታሳልፋለች፣ ውኃ አትመልስም።» ከፍ ያለ ቦታ አለኝ አልኩት ደግሜ። አልዋሸሁም። ከሳሎኑ ገንዳዎች በላይ መደርደሪያ አለ።

ማክሰኞ፣ ማምሻውን

አምስቱንም ዘረጋሁ። ቱቦውን በበሩ ሥር አሳልፌ ኮሪደር፣ ከዚያ መኝታ ቤት። ትልቁ ሲያኮርፍ ሌሎቹን እያነቅኩ፣ ትንሹ ሲበዛበት እየቀነስኩ፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም እኩል ተነፈሱ። እያንዳንዱ ገንዳ ጋ ቆሜ አየሁ። ማንን ጠርቼ እንደማሳይ አስቤ ነበር።

ፓምፑን መደርደሪያው ላይ አላደረግኩትም። መደርደሪያው ይነቃነቃል። ደግሞ በባለቤቴ ዕቃ ሞልቷል፤ መነጽሯ፣ ማበጠሪያዋ፣ ያልጨረሰችው ሹራብ ከነመርፌው፣ የእጅ ቅባቷ። እነዚህን የት አደርጋቸዋለሁ? ጠረጴዛው ሥር ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። እዚያ ይረጋል።

ቤቱን ሞላው ድምፁ። ዛሬ አልጋዬ ላይ ልተኛ።

ረቡዕ

ተኛሁ።

ቅዳሜ

መጻፍ አልቻልኩም ነበር፤ አሁን ልሞክር። ሐሙስ ትርፍ ሰዓት ላይ እያለሁ ሰፈሩ መብራት ሄዶ ነበር። ስመለስ የታችኛዋ ጎረቤቴ በሬ ላይ ቆማለች፤ በአንድ እጇ ባልዲ፣ በሌላው መወልወያ። ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት። ከቀብሩ ወዲህ ደረጃ ላይ ሰላምታ ብቻ ነበር የምንለዋወጠው።

«ሰውዬ፣ ጣሪያዬ እያለቀሰ ነው። ምን በደልኩዎት?» አለችኝ።

በሩን ስከፍት ውኃው ደፉ ላይ ደርሷል። ፓምፑ ሲቆም የትልቁ ገንዳ ውኃ በቱቦው ወደ ታች መጥቶ ወለሉ ላይ ፈስሶ አልቋል። በሌሎቹ ቱቦው ጫፍ ላይ ያለው አረፋ የሚያወጣው ድንጋይ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ውኃው ግማሽ ላይ ቆሟል። ትልቁ ገንዳ ውስጥ ጣት የማይሸፍን ውኃ ነው የቀረው፤ ዓሣዎቹ ተደራርበው በጎናቸው ይወራጫሉ። ቆሜ ቀረሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

«ኋላ ያዝናሉ! ኩባያ የት አለ?» አለች አዋላጇ። ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ጠቅልላ ገባች። ዓሣዎቹን ወደ ሌሎቹ ገንዳዎች አዛወርናቸው። መብራቱ ገና አልመጣም ነበርና ሁለታችን ኩባያ ይዘን ማፍሰስ ጀመርን። «እኔ ስንቱን አራስ ልጅ እግሩን ይዤ ቂጡን እየመታሁ አስተንፍሻለሁ፤ ዓሣ ግን የቱ ጋ እንደሚመታ አላውቅም» አለች። ሁለት ሆኖ ማፍሰስ ሌላ ነው። አንዱ ሲደክም አንዱ ይቀጥላል። «ማረን» ማለቱን ረስቼው እንደነበር ያስታወስኩት በማግሥቱ ነው።

ሦስት ዓሣ ሞተ። ሌሎቹ ዳኑ።

ወለሉን ስንወለውል ቀና ብላ፣ «ለምን እዚያ ላይ አላደረጉትም?» አለችኝ፤ ወደ መደርደሪያው እያሳየች።

«ይነቃነቃል።»

ሄዳ በእጇ ገፋችው። አልተነቃነቀም። ማበጠሪያውን አየችው፤ የባለቤቴ ፀጉር አሁንም አለበት። አዋላጇ «እ» አለች። መወልወያዋን ጨምቃ ወደ ታች ወረደች፤ ተቀይማ የሄደች መስሎኝ ነበር። አራት ማዕዘን ጨርቅ ይዛ ተመለሰች፤ ወፍራም ነው፣ በአራቱም ጫፍ ገመድ ያለው። «አራስ ልጅ እያንጠለጠልን የምንመዝንበት ነው። ያንን የርስዎን ልጅ እዚህ ውስጥ ያስተኙትና ከጣሪያው ላይ ይስቀሉት። መደርደሪያውን ማንም አይነካብዎትም።»

መሄጃዋ ላይ፣ «ልጅዎ ታውቃለች ወይ፣ እንዲህ እንደሆኑ?» አለችኝ።

«እሷን ማስቸገር አልፈልግም።»

«እኛ ሥራ ላይ የሚያለቅስ ልጅ አያስደነግጠንም» አለች። «ዝም ያለው ነው የሚያሯሩጠን።»

እሑድ

የፓምፑ ሆድ ውኃ ገብቶበት ነበር። አርብ ዕለት ወደ ሥራ ይዤው ሄጄ ከልብስ ማድረቂያው ክፍል አስቀመጥኩት። ኮሌታ አየኝ። አሁን ይስቃል ብዬ ስጠብቅ ከፍቶ በጨርቅ ይጠርግልኝ ጀመር። «እናቴ ስትሞት እኔ ድመቷን ስድስት ወር ‹ነይ እራት› እያልኩ ጠርቻታለሁ» አለኝ፤ ቀና ሳይል።

ፓምፑ ዳነ። በጨርቁ ውስጥ ከጣሪያው ተንጠልጥሏል። ማገቻዎቹንም ገዝቼ ሰካሁ። ሻጩ ምን እንደደረሰብኝ ስነግረው፣ «ከፍ ያለ ቦታ አለ ብለውኝ ነበር» አለኝ። «አለ፤ የኔ አይደለም» አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም።

ልጄ ደወለች። ሁሉ ደህና ነው አልኳት።

ረቡዕ

መብራት ሄደ። አዋላጇ ከታች፣ «ኩባያ ይዤ ልምጣ?» ብላ ጮኸች። ሳይጨልም መጣ መብራቱ። ሻይ ጠጥታ ሄደች። ጠብታ አልፈሰሰም።

ሐሙስ፣ ሌላ ሳምንት

ዝናቡ ሳሳ። ሥራ በዝቷል።

ማክሰኞ

ሦስት ቀን ዝናብ የለም። መስኮት ከፈትኩ። ዓሣዎቹ ምግብ ስበትን ይጋፋሉ። በመኝታ ቤቱ ገንዳ ውስጥ የስፒል ጭንቅላት የሚያክሉ ጫጩቶች አየሁ፤ ቅጠሉ ሥር ተደብቀዋል። እሷ ብትኖር ዘላ ትጠራኝ ነበር። ተመስገን ብዬ ተነሣሁ። የተሻገርኩ ይመስላል። ቃሌን ጠበቅኩ ማለት ነው፤ እዚሁ እቀራለሁ። ይኼን ከጻፍኩ በኋላ ብዙ ተቀመጥኩ። የሚያስደስተኝ መስሎኝ ነበር።

እሑድ

ዛሬ እኔ ደወልኩ። እሷ እስክትደውል አልጠበቅኩም። ሲጠራ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የገዛ ልጄ ናት።

«አባዬ? ምን ሆንክ?» አለች ወዲያው። ደውዬ ስለማላውቅ ነው።

«ምንም። ዝናቡ አለቀ።»

«አይቻለሁ በዜና። ዓሣዎቹስ?»

አራት እንደሞቱብኝ ነገርኳት። ስለ ውኃው፣ ስለ አዋላጇ፣ እሑድ እሑድ «ደህና» እያልኩ እንደቆየሁ። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ታዲያ እንደ ቃላችን መጥቼ ልውሰድህ?» አለች።

«የቀሩት ደህና ናቸው» አልኩ። «ፓምፑም ጥሩ ነው። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ።»

ስልኩ ውስጥ ትንፋሿን እሰማለሁ። ሆድ ይፍጀው ብሎ የኖረ ሰው ሆዱን ሲከፍት ቶሎ አያምርለትም።

«እሺ፤ ና በቃ። ሁሉን ትተህ ና» አለች። ድምጿ ተሰባብሮ ነበር።

«አይሆንም» አልኳት። «አንቺ ነይ። ለመውሰድ ሳይሆን፣ እንዲሁ። ጥቂት ቀን እዚህ ሁኚ። ቤቱ ውስጥ ሰው እንዲኖር እፈልጋለሁ።»

ይኼን ለማንም ብዬ አላውቅም። ለእሷም፣ ለእናቷም። ሰው ጠርቼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ባልዲ ይዤ ከኋላ ነው የቆምኩት።

አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ። «የት እተኛለሁ?» አለች ከዚያ፣ እንደ ልጅነቷ።

«መኝታ ቤት። ትልቁ አልጋ ላይ።»

«አንተስ?»

«እኔ ሳሎኑን ለምጄዋለሁ።»

«ቅዳሜ እደርሳለሁ» አለች።

አሁን አንሶላ አውጥቼ እየተኮስኩ ነው፤ ይኼን የምጽፈው ብረቱ እስኪግል ነው። ለሆቴሉ እንግዳ በቀን ስንት መቶ አንሶላ እተኩሳለሁ። ለሰው ብዬ ቤቴ ስተኩስ ግን ይኼ የመጀመሪያዬ ነው። ጠርዙ አልገጥም ብሎኝ ደግሜ አጠፍኩት።